ያ አንድ ገጽ

እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? የደብረ ብርሃን ብርድ ጠንክሯል አሉ፤ ጋቢሽን ደርቢ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ለቀድሞ የምክር ቤት አባላት ለሚደረገው ምስጋና የሕይወት ታሪክሽን በአንድ ገጽ እንድጽፍልሽ ልከሽብኝ ነበር። ጽፌዋለሁ። ግን «የዚህ ኮሚቴ አባል፣ የዚያ ስብሰባ ተሳታፊ» እያልሽ በስልክ ካስቆጠርሽኝ አብዛኛውን ትቼዋለሁ። አትቆጪኝ። እሱን የማንም ወረቀት ላይ ታገኚዋለሽ።

የጀመርኩት ከመሠረተ ትምህርት ነው። ዘመቻው በ1971 ሲጀመር ፊደል ያልቆጠርሽ ሙሽራ ነበርሽ። ቀን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሱፍ ስትለዪ ትውያለሽ፣ ማታ በኩራዝ ሀሁ። በ2000ው የአካባቢ ምርጫ ምክር ቤት ስትገቢ የከተማውን በጀት ያነበብሽው በዚያው ፊደል ነው። ይህን ሳልጽፍ ምን ልጽፍ?

ሐምሌ መጥቶ የበጀት ጉባኤ ሲደርስ ቤታችን የሚሆነው አይረሳኝም። ያን ወፍራም ሰነድ ይዘሽ ምድጃው ዳር ቁጭ ትያለሽ። በጣትሽ መስመር በመስመር ትሄጃለሽ። ያልገባሽ ቁጥር ሥር በከሰል ታሰምሪያለሽ። «ይኼ መደበኛ ነው ካፒታል?» ትዪኛለሽ። እኔ የአስረኛ ክፍል ተማሪ፣ የደሞዝና የሥራ ማስኬጃውን ወጪ ከግንባታው በምን ልለይ፣ የምን ካፒታል አውቃለሁ! በማግስቱ ተነስተሽ «የኛ ሰፈር ቦኖ አምናም እዚሁ ወረቀት ላይ ነበር፤ ውኃው የታለ?» አልሽ። አዳራሹ ሳቀ አሉ። ቦኖው ግን ዓመት ሳይሞላው ውኃ ሰጠ።

ሰው የምክር ቤት አባል ሲባል ደሞዝተኛ ይመስለዋል። አንቺ የነበረሽ ድምፅ ብቻ ነው። በጀት ታጸድቂያለሽ፣ ከንቲባ ትመርጫለሽ፣ ሪፖርት ሰምተሽ ትጠይቂያለሽ። አለቀ። በነጋታው ወደ ፋብሪካሽ።

የመሬቱ ነገር ነው የከበደሽ። ጎረቤቱ ሁሉ «ለልጄ አንድ ቦታ» እያለ ቤት ይመጣ ነበር። በ2004 የሊዝ አዋጁ ከወጣ በኋላማ ባሰ። ቦታ የሚሰጠው በጨረታ ወይም በምደባ ነው፣ እኔ እጄ ላይ ምንም የለም እያልሽ ስታስረጂ ቡናው ይቀዘቅዛል። «ወንበር አግኝታ ረሳችን» አሉሽ። አንዷማ አኩርፋ ለልጇ ሠርግ ሳትጠራሽ ቀረች። አንቺ ያን ቀን እንዳላኮረፍሽ ለማስመሰል ሙሉ ቀን ስትፈትዪ ዋልሽ። ይሄም ገጹ ላይ ገብቷል። ስም አልጠራሁም።

አሁን የጎደለኝ ሁለት ነገር ነው። ፋብሪካ የገባሽበት ዓመትና አንድ ፎቶ። አዳራሹ በር ላይ ሻሽ አስረሽ የተነሳሽው ሣጥኑ ውስጥ አለ፤ እህቴ በቴሌግራም ትላክልኝ። የሚታረም ካለ ደውዪልኝ፣ አስተካክለዋለሁ። የሠርጉን ነገር አውጣው ካልሽኝ ግን አላወጣውም።

ልጅሽ