ጅብህ አሁንም ድልድዩ ላይ ነው

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፤

እንደምን ከርመሃል? እማማስ እንዴት ናቸው? ያ የጉልበታቸው ሕመም ተሻላቸው? እኔና ቤተሰቤ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነን። የጮቄ ብርድ ዘንድሮ ከተማችን ድረስ ወርዶ ማታ ማታ ጋቢ ያስደርበናል።

ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ስልክህን ብዙ ጊዜ አውጥቼ መልሻለሁ። ብደውልልህ «ሰላም ነው? ሥራ እንዴት ነው?» ተባብለን እንደምንዘጋው ስለማውቅ ወረቀት መረጥሁ። የምጽፍልህ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባለውን የምናብ ጨዋታችንን፣ እኔ እየመራሁ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ስለተጫወትንባት ስለዚያች ማታ ነው፤ ስለ ስምንቱ ተኩላዎች።

አንተ የምትጫወተው ድሩይድ፣ ያ ድግምቱን ከተፈጥሮ የሚቀዳው ገጸ ባሕርይህ፣ አምስተኛ ደረጃ ደርሶ እንስሳት የሚጠራበትን ድግምት ያገኘባት የመጀመሪያዋ ማታ ነበረች። ቦታው የዓባይ በረሃ፣ ድልድዩ የድንጋይ፣ ሽፍቶቹ አሥራ ሁለት። አንተ ስምንት ተኩላ ጠራህ፤ በዚያው ተራህ ደግሞ ራስህ ወደ ግዙፍ ጅብ ተለወጥህ። ድሩይድህ ከጨረቃ ክበብ፣ መልክ ለመለወጥ ከሚፈጥኑት ወገን፣ ስለሆነ ሕጉ ይፈቅድልሃል፤ መልክ መለወጥ የያዝኸውን ድግምት አያቋርጥም። በእኔ እጅ የነበረው ግን አንድ የተማሪ ደብተር፣ አንድ እርሳስና አንድ ሻማ ብቻ ነው። መብራት ጠፍቷል። ለእያንዳንዱ ተኩላ 11 የሕይወት ነጥብ ብዬ ስምንት ዓምድ አሰመርሁ፤ ለጅቡ 45፣ ከሥሩ ለሰውየው ለድሩይዱ 38።

ተኩላ ደግሞ ብቻውን አይነክስም። ጓደኛው ከጠላቱ አጠገብ ከቆመለት ባለ 20 ገጹን ዳይስ ሁለት ጊዜ ጥሎ የተሻለውን ይወስዳል። ስለዚህ ስምንት ተኩላ ማለት 16 ውርወራ ነው። የነከሰው ሁሉ ለጉዳቱ ሁለት ባለ 4 ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ የተነከሰውም ላለመውደቅ አንድ ይጥላል። ሁሉም ቢነክሱ በአንድ ዙር ብቻ 40 ውርወራ! በሻማ ብርሃን እየቆጠርሁ፣ እየሰረዝሁ፣ እንደገና እየጻፍሁ አንዱ ዙር ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። አንደኛው ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። ያን ጊዜ «ይህ የአንተ ብቻ ጨዋታ አይደለም» ብዬ ዳይስህን ከፊትህ ገፋሁት። አንተ አንድ ቃል አልመለስህልኝም። ዳይሶችህን አንድ በአንድ ለቅመህ፣ ጋቢህን ደርበህ ወጣህ። በሳምንቱ ወደ ባሕር ዳር መዛወርህን ከሰው ሰማሁ።

ባለፈው ክረምት የጨዋታውን የሕግ መጽሐፍ እንደ አዲስ ከፍቼ አነበብሁት። ድግምቱ በተጻፈበት ገጽ ላይ በግልጽ ሰፍሯል፤ የተጠሩት እንስሳት ተራ የሚወጣላቸው በአንድነት፣ እንደ አንድ ቡድን ነው። እኔ ግን ለስምንቱ ስምንት ተራ ሰጥቼ፣ በየመካከሉ ሽፍቶቹን እያስገባሁ ነበር የምመራው። የተኩላ ንክሻ አማካይ ጉዳቱም 7 ተብሎ ተጽፎልኛል፤ በዚያች ማታ ግን አንድም ጊዜ አልተጠቀምሁበትም። ያን ሰዓት የበላው የእኔ አለማንበብ ነው። ጥፋቱን ግን አንተ ላይ ጣልሁት። ይቅር በለኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ውጭ አገር ያለችው እህቴ ፋውንድሪ የሚባለውን፣ ካርታውንና ቁጥሩን በኮምፒውተር የሚይዝልንን ፕሮግራም ገዝታ ላከችልኝ። ዋጋው 50 ዶላር ነው፤ አንድ ጊዜ ከተከፈለ ወርኃዊ ክፍያ የለበትም፤ የሚገዛውም የጨዋታው መሪ ብቻ ነው። ሌሎቹ በብሮውዘር ይገባሉ። ለእኛ አገር የሚበጀው ግን ሌላው ጠባዩ ነው። የሚሠራው በእኔው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ፣ ከተጫነና ፈቃዱ ከተረጋገጠ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ትንሿን ራውተር ከፓወር ባንክ ጋር አገናኝቼ ጠረጴዛው ሥር አስቀምጣታለሁ፤ ልጆቹ በሁለት ላፕቶፕና በአንድ ታብሌት ይገባሉ። በስልክ አይመችም፤ ሞክረን ትተነዋል። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት እንኳ ቅዳሜያችን አልታጠፈም።

የመጀመሪያዋን ማታ ግን ልንገርህ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣች አዲስ ተጫዋች አለችን፤ እርሷም እንዳንተ ድሩይድ ናት። ስምንት ተኩላ ጠራች። እኔም ነጥቡና ችሎታው የሰፈረበት አንድ የተኩላ መዝገብ በፕሮግራሙ አዘጋጅቼ ስለነበር ከዚያ ስምንት ምልክት ጎትቼ ካርታው ላይ ደረደርሁ። አንድ ሽፍታ ቀስት ወረወረ፤ የፊተኛው ተኩላ 7 ነጥብ ተጎዳ። ወዲያው የስምንቱም ቀይ የሕይወት መስመር እኩል አጠረ። ስምንቱም 4 ነጥብ ላይ ቆሙ! ልጅቷ «አንድ ቀስት ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። ሌላ ቀስት ቢመጣ መንጋው በሙሉ ባንድ ጊዜ ባለቀ ነበር።

ምክንያቱን ያገኘሁት በፕሮግራሙ ከአንዲት ትንሽ የምርጫ ሳጥን ውስጥ ነው። ካርታ ላይ ያለ ምልክት ከመዝገቡ ጋር እንዲተሳሰር ወይም እንዳይተሳሰር የምታዝበት ቦታ አለ። ከተሳሰረ ምልክቱ የመዝገቡ መስታወት ነው፤ እዚህ የቆሰለው እዚያም ቆስሏል። ለአንድ ጀግና ትክክል ነው፤ ዛሬ የደረሰበት ቁስል ነገም አብሮት እንዲገኝ ትፈልጋለህ። ለመንጋ ግን ጥፋት ነው። ማሰሪያውን ስትፈታ እያንዳንዱ ተኩላ የራሱን ቅጂ ይዞ ይወጣል፤ የራሱ ነጥብ፣ የራሱ ቁስል፣ የራሱ ስም ይኖረዋል። ይህችን ነገር ያወቅሁባት ሌሊት ስለ አንተ እያሰብሁ ነጋብኝ፤ እኔ በእርሳስ ላሰምራቸው ስታገል የነበሩት ስምንት ዓምዶች ይኸው አንዲት ሳጥን ነበሩ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ስለ ባለቤትነት ነው። በፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ፍጥረት ባለቤት ትሾምለታለህ። ተኩላዎቹን ለጠሪዋ ስሰጣት ራሷ ታንቀሳቅሳቸዋለች፣ ራሷ ትነክስባቸዋለች፣ ቁስላቸውን ራሷ ትቀንሳለች። እኔ ሽፍቶቼን ብቻ እይዛለሁ። ከእርሷ በፊት ያለው ተጫዋች ሲጫወት እርሷ አስባ ትጨርሳለች፤ ተራዋ ሲደርስ ስምንቱን አንድ ላይ ታስነሣለች፣ ለጉዳት 7 እንይዛለን፤ ሁለት ደቂቃም አይሞላ። ድሮ ሁሉንም በእጄ ካልያዝሁ ጨዋታው የሚፈርስ ይመስለኝ ነበር። ለአንተ የከለከልሁህ ይህንን ነው፤ የጠራሃቸውን ተኩላዎች እኔ ነበርሁ የማንቀሳቅሳቸው።

ወደ መልክ መለወጡ ልምጣ፤ እርሱ የመንጋው ተቃራኒ ነው። በመንጋው አንድ መዝገብ ብዙ አካል ይሆናል፤ እዚህ ደግሞ አንድ ሰው ሁለት አካል ይለብሳል። አባትህ ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ናቸውና ቢጠይቁህ ሰምና ወርቅ ነው በላቸው። ጉልበቱ፣ ቅልጥፍናውና ጽናቱ የጅብ ናቸው፤ እነዚያ ሰሙ ናቸው። እውቀቱ፣ ማስተዋሉና ግርማው የራሱ የድሩይዱ ሆነው ይቀራሉ። የጅቡን መዝገብ ከዝርዝሩ ጎትቼ በድሩይዱ መዝገብ ላይ ስጥለው አንድ መስኮት ይከፈትና ከሰውየው ምን ምን እንደሚቀር ይጠይቀኛል። የድሩይዱን ለውጥ ስመርጥለት ሁለቱን አጋጥሞ አዲስ መዝገብ ያወጣል፤ ሰውየው ከነቁስሉ ከጀርባ ተቀምጦ ይጠብቃል። መመለሻውን ስጫን ይመጣል። አንዲት ነገር ብቻ በእጄ እሠራለሁ። ጅቡ የቀረው 9 ነጥብ ሆኖ 14 ቢመታ፣ ዘጠኙ ጅቡን ይጨርሳል፣ የተረፈው 5 ሰውየው ላይ ያርፋል። ይህችን ስሌት ጮክ ብዬ ነው የምናገራት፤ ያን ጊዜ ጠረጴዛው ሁሉ ፀጥ ይላል፤ ቆዳው ተገፎ ሰው ብቅ ሲል ሁሉም ያየዋል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አዲሱ የጨዋታው መጽሐፍ ይህን ሁሉ አቅልሎታል። ተለዋጩ የራሱን ነጥብ ይዞ ይቀራል፣ በደረጃው ልክ ጊዜያዊ ነጥብ ይጨመርለታል እንጂ የእንስሳው ነጥብ አይሰጠውም። እንስሳት መጥሪያውም ስምንት ተኩላ ማምጣቱ ቀርቶ፣ እንደ ጥላ አብሮ የሚዘዋወር አንድ መንጋ ሆኗል። ተኩላ በተኩላ እንድትቆጥር የሚያስገድድህ የለም። ለሚጣደፍ ጠረጴዛ መልካም ነው፤ እኛ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ጸንተናል። አያትህ በሬዎቻቸውን በስም እንደሚጠሩ አንተም ተኩላዎችህን ቦራ፣ ጉራች፣ ወይኖ፣ ዳልቻ እያልህ ነበር የምትጠራቸው። ጥላ ስም አይወጣለትም።

ስለ ጅብ አንድ ነገር አለ፣ ሳልነግርህ የቀረ። በእኛ አገር ወደ ጅብ መለወጥ ቀላል ቃል አይደለም። በዚያች ማታ አንተ ስትለወጥ አንዱ ልጅ «ቡዳ!» ብሎ ሳቀ። ከመካከላችን አባቱ ጠይብ የሆነ ልጅ እንዳለ ታውቃለህ። አንገቱን ሲደፋ አይቻለሁ፤ እኔ ግን በቁጥሬ ተጠምጄ አለፍሁት። ማረሻችንን የሠራልንን ሰው ስንት ዘመን እንዲህ ስናሳቅቀው ኖረናል! አሁን በጠረጴዛችን ይህ ቃል አይነሣም፤ ጅብ ጅብ ነው፣ ድሩይድም ድሩይድ ነው። ልጁ ዛሬም አብሮን ይጫወታል፤ ካርታዎቻችንን የሚሥለው እርሱ ነው። የድልድዩን ድንጋይ አንድ በአንድ ሥሎታል፤ ብታየው ደስ ይልሃል።

ደብተሩን አልጣልሁትም። ሻማው የነጠበበት ገጽ እንዳለ አለ፤ ባለፈው ሳምንት ከእርሱ እያየሁ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሩ አስገባሁት። ድልድዩ ላይ ጅብህ 9 ነጥብ ቀርቶት ቆሟል። ከተኩላዎቹ አምስቱ በሕይወት አሉ፤ ቦራ፣ ጉራች፣ ወይኖ፣ ዳልቻና ቡሬ። ቡሬ 4 ነጥብ ነው የቀረው፣ በግራ በኩል ከገደሉ ጫፍ ላይ። ሰባት ሽፍቶች አሉ፤ አለቃቸው ከአንተ ሁለት እርምጃ ላይ ቀስቱን ደግኗል። ቢመታህ ድግምቱን ላለመልቀቅ ዳይስ መጣል አለብህ፤ ጉዳቱ ከ20 ካልበለጠ 10 ይበቃሃል፤ ካልሆነልህ አምስቱም ይጠፋሉ። የባለቤትነቱን ሳጥን በአንተ ስም ሞልቼዋለሁ። ለሌላ ተጫዋች አልሰጠሁትም፤ ጨዋታውንም ከሌላ ከተማ በአዲስ ታሪክ ነው የቀጠልነው።

ለፋሲካ ወደ ቤተሰብ የምትመጣ ከሆነ ቅዳሜዋን ለእኛ ተውልን። ባትመጣም አይከፋኝም፤ በደብዳቤ እንጫወተዋለን፣ የአንተን ውርወራ አምናለሁ። ብቻ ጻፍልኝ፤ ጅቡ አለቃውን ይንከስ ወይስ ያፈግፍግ? ቡሬንስ ከገደሉ ጫፍ ማን ያውጣው፣ ቦራ ወይስ ጉራች?

እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

የዘወትር ወንድምህ