«ደባል ነበረኝ»

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሰሞን ስለ አረጋውያን ብቸኝነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ባል ወይም ሚስት ስለሞተባቸው፣ ልጆች ስለራቋቸው ሰዎች ደህና አድርጋችሁ ጽፋችኋል። አንድ ወገን ግን ተረስቷል፤ ዕድሜያቸውን ተደብቀው ኖረው ያረጁ ጌይና ሌዝቢያን ሰዎች። እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ 26 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ስለ አንድ ሽማግሌ ልንገራችሁ። ታሪካቸውን እንዳወራ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን እንዳልጠራ ግን አደራ ብለውኛል።

ሲገቡ ፎርማቸውን የሞላሁት እኔ ነኝ። «አግብተዋል?» «አላገባሁም።» «ልጅ?» «የለኝም።» «የቅርብ ዘመድ?» ትንሽ ዝም አሉና «ደባል ነበረኝ፤ ሞቷል» አሉኝ። ፎርሙ ላይ ደባል የሚጻፍበት ቦታ የለም። «የለም» ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ።

ብዙ ሳይቆይ ችግር መጣ። መድኃኒት በትንሿ ኩባያ ይዤ ስቀርብ ያቅለሸልሻቸዋል። አንዳንዴም ያስመልሳቸዋል፤ ያውም ክኒኑን ሳይቀምሱት። ማታ በር ሲዘጋ ይባንናሉ። መዝገባቸው ላይ «መድኃኒት አልወስድም ይላሉ፣ አስቸጋሪ ናቸው» ተብሎ ሰፈረ። ቀጥሎ የመርሳት በሽታ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። እኔም አምኜ ነበር፣ አልዋሽም።

ነገሩ የገባኝ ከስምንት ወር በኋላ፣ አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው። እንቅልፍ እምቢ ስላላቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን ሌሊት እንዳጫወቱኝ፣ በ23 ዓመታቸው ቤተሰብ «ይታከም» ብሎ ሆስፒታል አስገብቷቸው ነበር። የወንዶች ፎቶ እያሳዩ የሚያስመልስ መርፌ ይወጓቸዋል። ወንድ ባሰቡ ቁጥር እንዲያንገሸግሻቸው ነው ነገሩ። ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አፖሞርፊን የተባለው መድኃኒትና የኤሌክትሪክ ንዝረት ለዚሁ ተብሎ ይሰጡ ነበር። ፍቅራቸውን አልነካባቸውም። ከነጭ ጋዋንና ከመድኃኒት ኩባያ ጋር ግን እስከ እርጅና አጣልቷቸዋል።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ተመሳሳይ ጾታን ማፍቀርን ከበሽታ ዝርዝሩ የሰረዘው በ1973 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጆን ፍራየር የተባሉ ሐኪም በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ጌይ መሆናቸውን ተናግረው ነበር። ግን ጭንብል አጥልቀው፣ ድምፃቸውን በማይክሮፎን ቀይረው ነው። ሐኪሙ እንዲህ ከተደበቀ ታካሚው ምን ያድርግ? የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እስከ 1990 ቆየ። በ1973 ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ሰማንያን ዘሏል። ወጣትነቱ ያለፈው በሕክምና መጽሐፍ «በሽተኛ» ተብሎ ነው። ሐኪም ፊት ቢጠነቀቅ ይፈረድበታል?

በዚህ ላይ ሐዘኑ አለ። ኤድስ በ1981 ከታወቀ ጀምሮ፣ በ1996 ጥምር መድኃኒቱ እስኪመጣ ድረስ፣ ሽማግሌው ጓደኛ ሲቀብሩ ከረሙ። የስልክ ደብተራቸው ላይ ስም መሰረዝ ሲያንገበግባቸው ጊዜ ደብተሩን ጣሉት። ደባል ያሉት ሰው የሞተው ግን በቅርቡ ነው፤ በልብ ሕመም። አብረው 34 ዓመት ኖረዋል። ቀብሩ ላይ ዘመዶች ፊት ቆሙ፤ እሳቸው ከኋላ። ለወንድሙ ልጅ «እግዜር ያጽናህ» ሲባል ሰሙ። ለእሳቸው ማንም አላለም። እኛ ዘንድ ሲመጡም ፎቶውን መሳቢያ ውስጥ ደብቀው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ስትወጣ ብቻ ያወጡት ነበር። ሰባ ዓመት ሲጠነቀቁ የኖሩት እንዳይበቃ፣ መጦሪያ ገብተውም እንደገና መደበቅ!

ሁሉም እንዲህ ተሰብረዋል እያልኩ አይደለም። ብዙዎቹ ከእኔ የበለጠ ጠንካሮች ናቸው። ሥጋ ዘመድ ሲሸሻቸው ጓደኛን ዘመድ ማድረግ ችለውበታል። ከንፈር እንድትመጡላቸው አይደለም የምጽፈው። ድብርትንና ጭንቀትን «እርጅና ነው» ብለን እንዳናልፈው፣ ፎርሙም እንዲስተካከል ነው። «አግብተዋል?» ከማለት «በሕይወትዎ ከሁሉ የሚቀርብዎ ማን ነው? በሕይወት አለ?» ብንል ምን ይጎድልብናል? ሳይፈልጉ ግን ማንም ጎትጉቶ አያናዝዛቸው። መናገርም አለመናገርም የራሳቸው ነው።

መድኃኒቱን ከዚያ ወዲያ በሻይ ማንኪያ፣ ጋዋኔን አውልቄ ነበር የምሰጣቸው። ማቅለሽለሹ ጨርሶ ባይጠፋም ቀነሰላቸው። ፎርማቸውን አውጥቼም፣ እሳቸውን ጠይቄ፣ «የለም» ያልኩትን ሰረዝኩና የሰውየውን ስም በእስክሪብቶ ጻፍኩበት። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። አንድ ፊደል ተሳስቼ ኖሮ እስክሪብቶውን ተቀብለውኝ ራሳቸው አረሙት።

ጡረተኛዋ ነርስ