ኩንታሉን ከማስገባትሽ በፊት

ደሴ፣ ኅዳር

ይድረስ ለልጄ፤ ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከረምሽ? አብራሽ ያለችው ጓደኛሽስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ከደሴ ብርድ በቀር የሚያማርረን የለም።

በስልክ ያነሣሽው ጉዳይ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ጻፍሁልሽ። ዋጋው በየሳምንቱ ሲወጣ ብታዪ ጊዜ በወለድ ተበድረሽ ጤፉንም፣ የስንዴ ዱቄቱንም፣ ሽንኩርቱንም በጆንያ፣ ዘይቱንም በካርቶን ባንድ ቀን ልታስገቢ አስበሻል። ብድሩን ተይው። ወለዱ ሐራም ነው፤ እሱን ብንተወው እንኳ ሒሳቡ አያዋጣሽም። ካሰብሽው ውስጥ ግማሹ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ሁለት ወር አይቆይም። ዱቄቱ ይነቅዛል፣ ሽንኩርቱ ይበሰብሳል፣ ዕዳው ግን ሳይነቅዝ ይቆይሻል።

ደሴና ኮምቦልቻ ቅርብ ናቸው ብለሽ እኔ ቤት የሚከርመው ሁሉ አንቺም ቤት ይከርማል አትበይ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ወርዷል። ነቀዝ ሙቀት ካገኘ በአንድ ወር ገደማ ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ መልሶ እንቁላል ይጥላል። በብርድ አገር ለዚያው ሁለትና ሦስት ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ አንቺ ጋ የሚከማቸው ነገር መመረጥ አለበት።

መጀመሪያ ስለ ጊዜው። አሁን ኅዳር ነው፤ ጤፍ ገና እየታጨደ ነው፤ ውቂያው እስከ ጥር ይዘልቃል። ገበሬው ለግብሩም፣ ለዕዳውም፣ ለጥር ሠርግም ብር ስለሚፈልግ ብዙ እህል ወደ ገበያ የሚያወጣው ያን ሰሞን ነው። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት ገዝተሽ ጨርሺ። ከዚያ በኋላ እህሉ ከገበሬው እጅ ወደ ነጋዴ መጋዘን ይዞራል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ጎተራው ባዶ፣ መንገዱም ጭቃ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፤ ወሎ በልግ አለው። በመጋቢትና በሚያዝያ ደጋው ዝናብ ማግኘት አለማግኘቱን ከገበያተኛው ጠይቂ። በልጉ ከያዘ የሰኔና የሐምሌ ገብስ ገበያውን ትንሽ ያስተነፍሰዋል። ከከሸፈ ግን ገብስ ብቻ ሳይሆን ጤፉም ማሽላውም አብሮ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የጎደለሽን ለመሙላት ሰኔን አትጠብቂ።

አሁን መጠኑን እናስላ። 1 ኪሎ ዱቄት 5 ወይም 6 እንጀራ ያወጣል። ሁለት ሆናችሁ በቀን 4 እንጀራ ብትበሉ በወር 22 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ብቻውን አራት ወር ተኩል ያደርሳችኋል ማለት ነው። እኔ የምመክርሽ 100 ኪሎ ጤፍ እና 50 ኪሎ ነጭ ማሽላ ነው፤ ከጥር እስከ ሐምሌ መጨረሻ ያስኬዳችኋል። ቀይ ማሽላ ርካሽ ነው ብለሽ አትግዢ፤ ቆምጠጥ መረር ይላል። ማሽላን እንደ ችግር ምግብ የሚያዩ አሉ፤ ከራያ ቆቦ እስከ ባቲ ያለው ሕዝብ ያደገበት እንጀራ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፣ በሁለተኛው ቀን ይደርቃል። ስለዚህ ለሳምንት አትጋግሪ፤ በየሦስት ቀኑ ጋግሪ። የተረፈውን ሳይሻግት ቆራርሰሽ ፀሐይ ላይ አስጪና ድርቆሽ አድርጊው።

ማሽላውን ከባቲ ሰኞ ገበያ ብታመጪ ከቆላው በቀጥታ የመጣ ታገኛለሽ። ግን አንድ ጆንያ ብቻ ለማምጣት አትሂዱ። የባጃጁን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የመኪናውን ደምሪና በኪሎ አካፍዪው፤ አራት ጎረቤት ሆናችሁ ካልጫናችሁ ትርፉ መንገድ ላይ ያልቃል። ለገንዘቡም ቢሆን ብድር ከምትገቢ ከእነሱው ጋር ዕቁብ ግቢና ዕጣውን ጥር ላይ ለሚያስፈልጋት እየሰጣችሁ ተረዳዱ።

ስትገዢ ከጆንያው አፍ ብቻ አትይ። እጅሽን እስከ ክርንሽ አስገቢና ከሥር ዝገኚ፤ ከላይ ማኛ ከታች ድብልቅ የተለመደ ነው። የዘገንሽውን ጤፍ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምረሽ አማስዪና ቀስ ብለሽ ድፊው፤ አሸዋ ካለበት ከሥር ይቀራል። ከኩንታሉ 4 ኪሎ አፈርና ገለባ ከወጣ የ100 ኪሎ ከፍለሽ ያገኘሽው 96 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ በኪሎ ትንሽ የሚወደደው ንጹሑ ብዙ ጊዜ ርካሹ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እርጥበቱን ፈትሺ። በጥርስሽ ስትሰብሪው ቀጭ ማለት አለበት፤ ከታሸ እርጥብ ነው። የበለጠ ለማረጋገጥ የደረቀ ብርጭቆ ጠርሙስ ውሰጂ፣ ሲሶውን እህል ሙዪ፣ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሪበት፣ ክደኚና እየደጋገምሽ ነቅንቂው። ከ10 ደቂቃ በኋላ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ ውኃ ይዟል፤ ሻግቶ ይጠብቅሻል። ሸራ ላይ በስሱ እያገላበጥሽ ሁለት ሦስት ቀን አስጪውና እንደገና ፈትኚው። የሻገተ እህል ታጥቦም ታምሶም አይድንም፤ መርዙ ይቀራል።

ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አያድርበትም፤ በደረቀ ጆንያ ዓመት ይከርማል። ማሽላ ግን የነቀዝ ቤት ነው። ለዚህ የወሎ ገበሬ የሚያውቀው ዘዴ አለ፤ ማሽላውን ከጤፍ ቀላቅሎ ማስቀመጥ። ጤፉ በማሽላው ፍሬ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዙ መንቀሳቀሻም መራቢያም ያጣል። ገበሬው በኋላ በወንፊት ይለየዋል፤ አንቺ ግን አብረሽ ስለምታስፈጪው መለየትም አያስፈልግሽም። ጤፉን ለብቻ አበጥሪና አንገዋልይ፣ ማሽላውን ለብቻ ልቀሚ፣ ከዚያ ሁለት እጅ በአንድ እጅ አድርገሽ ደባልቂው። ስታስፈጪም የወር ብቻ፣ 20 ወይም 25 ኪሎ። ዱቄት ከከረመ ይጓጉላል፣ ይመራል፣ ትልም ይገባበታል። ስለዚህ ነው የስንዴውን ዱቄት በኩንታል እንዳትገዢ የከለከልሁሽ።

ቅልቅሉን በተራ ማዳበሪያ ከረጢት ማስቀመጥ ይበቃል፤ ገንዘብ ካልቸገረሽ ግን ከግብርና ግብዓት ሱቅ ፒክስ የሚባለውን ከረጢት ግዢ። ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ከውጭ ነው። የመጀመሪያውን ላስቲክ እየጠቀጠቅሽ ሙዪ፣ አየሩን ጨምቀሽ አስወጪ፣ አፉን ጠምዝዘሽ አጥፈሽ በገመድ እሰሪ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ውስጥ ያለው ነቀዝ የቀረውን አየር ይጨርስና ታፍኖ ይሞታል፤ መድኃኒት አይፈልግም። ሰው የሚሳሳተው በየሳምንቱ እየፈታ ሲያየው ነው፤ በፈታሽው ቁጥር አየር ትሰጪዋለሽ። አይጥ አንድ ቀዳዳ ካበጀችም ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ከረጢቱን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታሳርፊ፣ እርጥበት ይስባል። ጣውላ ላይ አድርጊው፤ ከግድግዳም ሁለት ስንዝር አርቂው፤ ከኋላውም መጥረግ እንድትችዪ።

አንድ አደራ አለብሽ። ገበያ ላይ ፎስቶክሲን የሚሉትን ክኒን «እህል ውስጥ ጣል አድርጊው» ይሉሻል። እርጥበት ሲነካው መርዝ ጋዝ ያወጣል፤ በተኛችሁበት ክፍል ሁለታችሁንም ይገድላል። አንቺ ያለሽው አንድ ክፍል ቤት ነው። ፈጽሞ አታስገቢው፤ ጎረቤትሽም በግድግዳው ማዶ እንዳታስቀምጥ ንገሪያት።

ወደ ጥራጥሬው ልምጣ። ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ብዙ ጊዜ እንቁላሉን ከማሳው ይዘው ይመጣሉ፤ ዛሬ ንጹሕ ያልሽው ከወር በኋላ ወንፊት ሆኖ ታገኚዋለሽ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ትልልቁን ነቀዝ ያባርራል፣ ከፍሬው ውስጥ ያለው ግን ይቀራል። ለዚህ 20 ሊትሩ የዘይት ጀሪካን ሁነኛ ነው፤ 15 ኪሎ ያህል ይይዛል። በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቢው፣ አፉን ደፍተሽ ፀሐይ ላይ ፍጹም አድርቂው፣ እህሉን እያንቀጫቀጭሽ እስከ አፉ ድረስ ሙዪ፣ ክዳኑን አጥብቂና አንድ ወር አትንኪው። ጎዶሎ ከሆነ አየሩ ለነቀዙ ይበቃዋል፤ ስለዚህ አንዱን ሳትጨርሺ ሌላውን አትክፈቺ። የነዳጅ ወይም የመድኃኒት የነበረ ጀሪካን ግን ዕጣቢውም አይጠቅምሽ። ምስር ክክ የተፈተገ ስለሆነ ከድፍኑ ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን ሸዕባን ሳይገባ ግዢው። ረመዳን ላይ የሳምቡሳው ፈላጊ፣ ዐቢይ ጾም ላይ የክርስቲያኑ ጎረቤት ተሻምቶበት ይወደዳል።

ሽሮ ለሁለት ሰው በወር 3 ኪሎ ይበቃል። ተፈጭቶ የሚሸጠውን ርካሽ ሽሮ ግን ተጠንቀቂው፤ እህል ሲወደድ ጓያ ይበዛበታል። ጓያ አልፎ አልፎ ከሌላ ጋር ቢበላ ጉዳት የለውም፤ ዘወትር ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ ግን እግርን ሽባ ያደርጋል፣ የተጎዳው እግርም አይመለስም። ስለዚህ ሽምብራውን ወይም አተሩን ራስሽ ግዢ፣ አምሰሽ ከክተሽ አበጥሪው፣ በክኩ አስቀምጪው፤ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከበሶብላው፣ ከኮረሪማውና ከበርበሬው ጋር በየወሩ ብቻ አስፈጪ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በደንብ ሳይደርቁ ከገቡ ሽሮው ይሻግታል።

በርበሬም በዛላው ነው፤ የተፈጨውን አትግዢ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። 5 ኪሎ ዛላ ለዓመት ይበቃችኋል። ስትሰብሪው የሚንኮሻኮሽ ይሁን፤ ከውስጥ ነጭ ወይም አመድማ ሻጋታ ያለበትን ለይተሽ ጣይ።

ዘይት ወቅት የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ዶላሩን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ «ይረክሳል» ብለሽ የምትጠብቂው ወር የለም። አንድ የተከፈተ፣ አንድ ያልተከፈተ 5 ሊትር ይኑርሽ፣ ከዚያ በላይ አታከማቺ፤ በሙቀትና በብርሃን ይሸታል። ይልቅ አጠቃቀሙን ቀንሺ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት ጠብ ጠብ በሚል ውኃ አቁላዪው፤ ሲበስል ዘይቱን ጨምሪ። ወጡ አይጎድልበትም።

ቅቤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይረክሳል፤ ያኔ ግዢና አንጥሪው። ከ1 ኪሎ ለጋ ቅቤ 750 ግራም ያህል ንጥር ይወጣል፤ ከዚያ በብዙ ካነሰ ውኃ ሸጠውልሻል። አረፋው ጠፍቶ እስኪጠራ ካላነጠርሽው በኮምቦልቻ ሙቀት ይበላሻል።

ሽንኩርት ከግራናና ከመርሳ መስኖ በበጋ በብዛት ይገባል፣ በክረምት ይወደዳል። ቢሆንም ከአንድ ወር በላይ አትያዢ። በፌስታል ይበሰብሳል፤ ቅርጫት ላይ ዘርጊው፣ ከድንቹም ለዪው። ነጭ ሽንኩርት ግን ጎንጉነሽ ከሰቀልሽው ሦስት አራት ወር ይቆያል። አረንጓዴ የሆነ ድንች አትብሉ።

ቡናውን ጥሬውን ነው፣ የተቆላ አትግዢ። ይህን እንኳ ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ።

ሰፌዱን፣ የጤፉን ወንፊትና የጨው መፈተኛ የሚሆን አንድ ጠርሙስ ለጁምዓ በሚኒባስ እልክልሻለሁ፤ መናኸሪያ ወጥተሽ ተቀበይ። ጥር ላይ ጤፉን ከመክፈልሽ በፊት ጠርሙሱን ነቅንቂና ደውዪልኝ።

እናትሽ