አባባ የእርቁን ወረቀት እንዳይፈርሙ

ይድረስ ለወንድሜ ለሀብታሙ፣ አዳማ

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስህ። አይሱዙ የጭነት መኪና ገጭቷቸው እግራቸው የተሰበረው አባባ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመሙ ቀለል ብሎላቸው እንቅልፍ እየወሰዳቸው መሆኑን እማዬ ነግራኛለች፤ ተመስገን። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን የካሳውን ነገር በጽሑፍ አስቀምጬልሃለሁ። ካሳ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ ሰው መብቱን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤውን አጠገብህ አድርገህ ሥራ።

የመኪናው ባለቤት ሽማግሌ እልካለሁ ማለቱ ክፋት የለውም። ይምጡ፣ ቡና ይፈላላቸው፣ ይቅርታውም ይሰማ። አባባ ግን ወረቀት ላይ አይፈርሙ። «30,000 ብር ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ የምጠይቀው የለም» የሚል እርቅ አንዴ ከተፈረመ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 መሠረት በተፈራራሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ነገ እግራቸው ቢያጥር፣ ብረቱን ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ፣ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። ገንዘብ ከሰጡ ተቀበል፤ ደረሰኙ ላይ ግን «ለሕክምና ወጪ በቅድሚያ የተከፈለ፣ ከጠቅላላ ካሳው ላይ የሚታሰብ» ብለህ አስጽፍ። ይህን ለመጻፍ እምቢ ካሉ የመጡበት ምክንያት ሌላ ነው ማለት ነው።

ነገ ጠዋት ትራፊክ ፖሊስ ሂድ። አይሱዙው ገና ግቢው ውስጥ ከሆነ የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ (መኪናው ሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍለው መድን) ስቲከር፣ ቦሎውን (የዓመታዊ ምርመራውን ምልክት) እና ታርጋውን በስልክህ ፎቶ አንሳ። ስቲከሩ ላይ የኢንሹራንሱ ስም፣ የውሉ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን አለ፤ አደጋው የደረሰበት ቀን ከዚያ በፊት መሆኑን አረጋግጥ። ሊብሬው (የመኪናው ባለቤትነት ደብተር) ላይ ያለውን ስም እዚያው ገልብጥ። ብዙ መኪና ተሽጦ ስሙ ሳይዛወር ነው የሚሠራው፤ ሹፌሩ «ባለቤቱ እገሌ ነው» ያለህን ሳይሆን የተመዘገበውን ስም ያዝ።

ከዚያ ፕላኑን እይ። ፕላን የምለው የአደጋውን ቦታ የሚያሳየውን የትራፊኩን ንድፍ ነው፤ ከባዱ ክርክር የሚነሳው እሱ ላይ ነው። ሦስት ነገር ተመልከት፦ የተገጩበት ነጥብና የወደቁበት ቦታ ተለያይተው መመላከታቸውን፣ የፍሬኑ ጭረት በሜትር መለካቱን፣ ዜብራው የት እንዳለ መሣሉን። አይሱዙ የገጨውን ሰው ወደፊት ገፍቶ ስለሚጥል፣ የወደቁበት ቦታ ብቻ ከተመዘገበ ዜብራው ላይ የነበሩት አባባ ከዜብራው ውጪ የተሻገሩ ይመስላሉ። የተጎጂው ጥፋት አለበት ከተባለ ደግሞ ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል። መብራት ኃይል አካባቢ አደጋውን ያዩትን የሊስትሮዎቹንና የዚያን ባለሱቅ ስምና ስልክ እዚያው ለፖሊሱ ስጥ፤ ቃላቸውን ፖሊስ ይቀበላቸው። ሪፖርቱ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጻፍልህ። አዲስ አበባ ያለው የኢንሹራንሱ ዋና ቢሮ ትርጉም ከጠየቀ ሕጋዊ ተርጓሚ ቤት አስተርጉመህ፣ ዋናውን አንተ ጋ አስቀር።

ገንዘቡ የሚመጣው ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ለአካል ጉዳት ጥሎት የነበረው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ለድንገተኛ ሕክምና ደግሞ እስከ 2,000 ብር። አሁን የሚሠራበትን መጠን ቅርንጫፉን በጽሑፍ ጠይቀህ ያዝ። ሁለተኛው የመኪናው ባለቤት ራሱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 እንደሚለው ባለመኪና፣ ሹፌሩ ሌላ ሰው ቢሆንም፣ የራሱ ጥፋት ባይኖርም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። «ኢንሹራንስ ከፍሏችኋል፣ ከእኔ ምን ትፈልጋላችሁ» ቢልህ አትደናገጥ፤ ከኢንሹራንሱ ጣሪያ በላይ ያለው ጉዳት የእሱ ዕዳ ነው።

ስሌቱን በቁጥር ላሳይህ። የአባባ ገቢ በወር 6,000 ብር ነው እንበል፤ በዓመት 72,000። የሕክምና ቦርድ፣ ማለትም የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚወስኑት ሐኪሞች፣ ቋሚ ጉዳቱ 20 በመቶ ነው ቢል በዓመት የሚያጡት 14,400 ይሆናል። ሊሠሩ የሚችሉበት ዘመን 8 ዓመት ቢቀር 115,200 ብር። ኢንሹራንሱ ለምሳሌ 40,000 ቢከፍል ቀሪው 75,200 ከባለቤቱ ይጠየቃል፤ የሕክምናና የመጓጓዣ ወጪው ከዚህ ላይ ይጨመራል። ለደረሰባቸው ስቃይ የሚከፈለው የሞራል ካሳ ግን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። እግሩ ለተሰበረ ሰው 1,000 ብር! ያናድዳል፤ ግን ሌላው ሒሳብ ላይ እንድንበረታ ያደርገናል።

ስለዚህ ሁለቱ ትልልቅ ወረቀቶች የገቢ ማስረጃና የቦርድ ማስረጃ ናቸው። ዳኛው የሚያምነው አባባ ከሱቁ እውነት የሚያገኙትን ሳይሆን ለገቢዎች ያሳወቁትን ነው፤ የግብር ደረሰኞቹን ከእማዬ ሣጥን አውጣ። ቦርዱን ደግሞ አታስቸኩል። አጥንቱ ሳይጠግን የሚሰጥ መቶኛ ጊዜያዊ ነው ተብሎ ይጣላል፤ ሐኪሙ ሕክምናው አልቋል ሲል ከፖሊስ ደብዳቤ ይዘህ ሆስፒታሉን ጠይቅ። የመድኃኒቱን ደረሰኝ ከማዘዣው ጋር በስቴፕለር አያይዝ፤ ማዘዣ የሌለውን ደረሰኝ «የማን እንደሆነ አይታወቅም» ይሉሃል። ባጃጅ ደረሰኝ ስለማይሰጥ ቀኑን፣ ከየት ወደ የት እንደሆነና ብሩን በደብተር መዝግብ፤ ትክክለኛው ልክ ሊታወቅ ያልቻለውን ጉዳት ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም በሚዛናዊ ግምት፣ የመተመን ሥልጣን አለው።

የወንጀሉ ክስ ይቀጥላል ብለህ ግን እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ። ዓቃቤ ሕግ ሹፌሩን ያስቀጣል እንጂ ለአባባ ብር አያመጣም። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ወንጀሉ ከዚያ የረዘመ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ካለው ረዥሙ ይሠራል፤ አንተ ግን ሁለት ዓመት ብቻ እንዳለህ ቁጠር። ባለመኪናው አዲስ አበባ ቢኖርም አደጋው በደረሰበት በአዳማ መክሰስ ይቻላል። ባለቤቱን፣ ሹፌሩንና ኢንሹራንሱን በአንድ ማመልከቻ ክሰስ፤ ከክሱ ጋር የመኪናው ስም እንዳይዛወር እግድ ጠይቅ፤ አለዚያ ፍርዱ ሲመጣ አይሱዙው ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ታገኘዋለህ። የዳኝነት ክፍያው ከከበደ በድህነት ለመክሰስ ማመልከት አለ። አባባ መመላለስ ስለማይችሉ ውክልና ይስጡህ፤ ልጅ ነህና ጠበቃ ባትሆንም በውክልናው ቀርበህ መከራከር ትችላለህ።

የጎረቤታችንን ልጅ ገጭቶ ያመለጠው ባጃጅ ታርጋው ባይታወቅም ተስፋ እንዳይቆርጡ ንገራቸው። ገጪው ላልታወቀ አደጋ የመድን ፈንድ አለ፤ የፖሊስና የሕክምና ማስረጃ ይዘው ያመልክቱ።

የስቲከሩን፣ የሊብሬውንና የፕላኑን ፎቶ እስከ ቅዳሜ ላክልኝ፤ ለኢንሹራንሱ የሚገባውን ማመልከቻ አርቅቄ እልክልሃለሁ። ለአባባ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ በላት እማዬን።

እህትህ ሰብለ