ከአልጋሽ ሥር ያገኘኋቸው መጻሕፍት

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ደብረ ሲና እንደምታውቂያት ናት።

የአጎትሽ ልጅ መጥቶ ስላንቺ ነገረኝ። ያ ልጅ ስልክሽን እየከፈተ ያያል አሉ፤ ከሥራ ስትወጪ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ ከሰው ጋር ስትስቂ ካየ ሲያኮርፍ ይሰነብታል። አንቺም «ስለሚወደኝ እኮ ነው» ብለሽ ሳቅሽ አሉ። ልጄ፣ ቅናትን ፍቅር ነው ብለሽ አትቀበዪ።

ትተሻቸው የሄድሽውን የፍቅር ልብ ወለዶች አነበብኳቸው። ሁሉንም። አትቆጪ፣ ቤት ስጠርግ ነው ያገኘኋቸው። ያንዱን መጨረሻ ለማወቅ ስል ሽሮዬን አሳርሬያለሁ፣ አልዋሽሽም። ሰዎቹን ግን ታዘብኳቸው። ወንዱ ሁልጊዜ መለሎ ነው፣ ሀብታም ነው፣ ሲናደድ ዕቃ ይሰብራል። ክንዷን ጨምድዶ ይይዝና በሚቀጥለው ምዕራፍ እግሯ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል፤ እሷም ትስመዋለች! የልጅቱ ፀጉርና ዓይን ገጽ ይፈጃል፣ ምን ሠርታ እንደምትበላ ግን አንድ መስመር የለም። ከንፈሯን የተቀባችው ሴት ክፉ መሆኗ ገና ከበር ስትገባ ይታወቃል። እናት ደግሞ ወይ ሞታለች ወይ የፍቅር ጠላት ናት። ይቺስ በጣም ነው ያስቆጣችኝ።

እኛ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እየሰማን ነው ያደግን። ሰብለ ወንጌልን ዛሬም እወዳታለሁ። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራችን የሚመጥን ባል ጠፋ እያሉ ቤት ሲያስቀምጧት ዝም ማለቷ ያበግነኝ ነበር፤ መነኩሴ መስላ በዛብህን ፍለጋ መንገድ ስትገባ ግን እልል ማለት ያምረኛል። በዛብህን ፈሪ ነው የሚሉት አሉ። ይሁን። ሊያስተምራት መጣ እንጂ ሊቆጣጠራት አልመጣም።

አክስትሽ እታባ ያንን መጽሐፍ ተውሳ ገና እያነበበች ሳለ ነው የተዳረችው፣ ወደ መሐል ሜዳ። ሰውየው ሲያጫት ከገበያ እስከ ቤት በሩቅ እየተከተለ ይሸኛት ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ «እንዴት ቢወዳት ነው!» ይል ነበር። ከተጋቡ በኋላ ገበያ ከለከላት፣ ከዚያ ማኅበር፣ ከዚያ እኛን። መጽሐፉንም «የሚያባልግሽ ይሄ ነው» ብሎ ምድጃ ውስጥ ከተተው፣ የሰው ንብረት እኮ ነው! ለእናታችን ለቅሶ የመጣች ዕለት፣ እንግዳው ሁሉ ከተኛ በኋላ ጎኔን ነካ አድርጋ «ሰብለስ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አለችኝ። አፌን ሳልከፍት ከውጭ ጠራት። በንጋታው ይዟት ሄደ። ሰብለ፣ በዛብህና ጉዱ ካሣ ባንድ መቃብር መግባታቸውን ሳትሰማ እሷም አፈር ገባች። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የስልክሽን ይለፍ ቃል ዛሬውኑ ቀይሪ። ደሞዝሽ በስምሽ ይቀመጥ። ለምን ቀየርሽ ብሎ ከጮኸ፣ እቤቱ ይጩህ። ቅናትን ፍቅር ነው አትበዪ፣ አትበዪ ብያለሁ! ደግሞ ከስተሻል አሉኝ፤ የኔ ዓለም፣ ቁርስ ሳትበዪ አትውጪ።

በሶና ቆሎ በአጎትሽ ልጅ እጅ ልኬልሻለሁ፤ በሶውን እርጥበት እንዳያገኘው። ለፋሲካ ስትመጪ በጠዋቱ መኪና ተሳፈሪ፤ ከመሸ ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል። ልጁን ከወደድሽው ይዘሽው ነይ፣ ዓይኑን ልየው። ያ ሰማያዊ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ካለውም አምጪልኝ። ልጅቱ ጥላው ካልሄደች ግን እንዳታመጪው።

እናትሽ