ከደመራ በፊት ዓሣ አትግዢ

ጅማ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምሕረት፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ጠንክሯል። አዌቱ ወንዝ ደፍርሶ፣ ሞልቶ ይወርዳል። መብራቱም አንዴ ሲመጣ አንዴ ሲሄድ ስልኬ ቻርጅ አይጠግብም። ስለዚህ የምልሽን በወረቀት ጽፌዋለሁ፤ የጎረቤት ልጅ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ረዘም ያለ ነውና ከሆስፒታል ሥራሽ ስትመለሺ እግርሽን ዘርግተሽ አንብቢው።

ሐምሌ 5 ቀን «አባዬ፣ ከመስታወት ገንዳዬ የባሕር ዓሦች የመጨረሻዋም ሞተች» ብለሽ ስትደውዪ ያለቀስሽው ለቅሶ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እናትሽ «ለዓሣ እንዲህ ይለቀሳል?» አለች እንጂ እሷም የዚያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው፤ ዛሬ ልንገርሽ። ያቺን ግማሽ አካሏ ወይን ጠጅ፣ ግማሹ ቢጫ የሆነ ዓሣ የገዛሽ ቀን ሱቁን በቪዲዮ አሳይተሽኝ ነበር። አንቺ ስልኩን እሷ ላይ ደግነሽ «እያት፣ እያት» ስትዪኝ፣ እኔ ያየሁት ከበስተኋላዋ ባለው መስታወት ጥግ ላይ የቆመውን ሌላ ዓሣ ነው። አይዋኝም። አፉን ቶሎ ቶሎ ይከፍታል፣ ጎኑ ላይ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። አየሁት። ደስታሽን ላለማደፍረስ ብዬ ዝም አልኩ። «የሷ መስታወት ሌላ ነው» ብዬም ራሴን አጽናናሁ።

ይቅር በይኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ውሃ ስመረምር የኖርኩ ሰው ያን ማሰብ አልነበረብኝም። በኋላ ራስሽ እንዳስረዳሽኝ እንደዚያ ባሉ ሱቆች መስታወቶቹ ለዓይን ይለያዩ እንጂ ውሃው አንድ ነው። ከሥር ባለው ማጠራቀሚያ ይገናኛል፣ አንድ ፓምፕ ወደ ሁሉም ይገፋዋል። አንዱ ጥግ የታመመ ካለ ሱቁ በሙሉ ታሟል ማለት ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ ያንቺ ገንዳ ውሃ ጥሩ ነበር፣ በሽታው የመጣው ከሱቁ ነው።

አሁን ኮራሎቹን፣ እነዚያን አበባ የሚመስሉ የባሕር እንስሳት፣ ብቻ ይዘሽ ገንዳውን ያለ ዓሣ 76 ቀን ማቆየት አለብሽ ብለሽኛል፤ ያ ጨው የሚመስለው ተባይ የሚጣበቅበት ዓሣ አጥቶ እስኪያልቅ። ከሐምሌ 5 ጀምሬ በጣቴ ብቆጥረው መስከረም 16 ላይ ዋለ፣ ደመራ ዕለት። ይህን ጊዜ እንደ ቅጣት አትዪው። ሱቅ የምትፈልጊበት ጊዜ አድርጊው። ዓሣ መግዛት የማይችል ሰው ሱቅን በደንብ ያያል። ገንዘቡን ይዞ የሚገባ ሰው ዓይኑ ውብ ነገር ላይ ያርፋል፤ ሳይገዛ ሊመለስ የገባ ግን ወለሉንም፣ ጥጉንም፣ የሠራተኛውንም እጅ ያያል።

እናትሽ ሂርማታ ገበያ ቡና ስትገዛ ታስታውሻለሽ? ሻጩ የጆንያውን አፍ ከፍቶ ከላይ ያለውን ያሳምር የለ? እሷ አታየውም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ትመልስና እጇን እስከ ክርኗ ትሰዳለች። ከሆዱ ዘግና ታወጣለች፣ መዳፏ ላይ ትዘረጋዋለች፣ ታሸተዋለች፣ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ትነክሳለች። ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የምትጠይቀው። አንቺም ሱቅ ስትገቢ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ያማረ ገንዳ የጆንያው አፍ ነው። እሱን ተይው። ከኋላ፣ ከታች፣ ብርሃን ያልደረሰው ጋ ሂጂ። የሞተ ዓሣ ካለ ስንት ሰዓት ሳይነሳ እንደሚቆይ ተመልከቺ። የሞተ ዓሣ የሌለበት ሱቅ የለም፤ ዕቃው ሕይወት ነውና ይሞታል። ግን ማለዳ አንስተው የመዘገቡትና እስከ ማታ ተንሳፍፎ የሚውለው አንድ አይደሉም።

ኮራሎቹን ደግሞ በዚያ ሰማያዊ መብራት አትመኛቸው። በሰማያዊ መብራት ብዙው ኮራል ያበራል። «እባክህ ነጩን አብራልኝ» በይው። በደስታ የሚያበራልሽ አለ፣ ፊቱን የሚያጨማድድም አለ። ከፊቱ ብዙ ታውቂያለሽ።

ዓሣ ሲያመጡ በየትኛው ቀን እንደሚያመጡ ጠይቂ። በመጣበት ቀን አትግዢ። ከባሕር ተነስቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ የመጣ ፍጡር ነው፤ የሚሞተው ከሆነ እዚያው ይለይለት። ቀብድ ስጪና ከሳምንት በኋላ ተመለሺ፣ ስትመለሺም ዓይንሽ እያየ ይመግቡት። ሲበላ ያላየሽውን ዓሣ አትውሰጂ። «አሁን ጠግቦ ነው» ካሉሽ «ግድ የለም፣ ነገ እመጣለሁ» በይ።

ከየት እንደመጣም ጠይቂ። ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ ውስጥ አንዳንድ አጥማጆች ሳያናይድ የሚባል መርዝ በውሃ በጥብጠው ኮራሉ ላይ ይረጫሉ። ዓሣው ደንዝዞ ይያዛል፣ ኮራሉ ግን እዚያው ይሞታል። የተያዘውም ዓሣ ሱቅ ውስጥ ጤነኛ መስሎ፣ እየበላ ሰንብቶ፣ ከሳምንታት በኋላ ያለ ምልክት ሊሞት ይችላል። በሰው እጅ የተፈለፈለ ካለ እሱን ምረጪ፤ የነዚያ ብርቱካንማ ክላውንፊሾች ዘር ዛሬ በብዛት የሚረባው እንዲያ ነው። ይህን ሲጠየቅ አጣርቶ የሚመልስ ባለሱቅ ካገኘሽ ሁለት ሰዓት ነድተሽም ቢሆን ከሱ ግዢ።

ይህን አጥብቄ የምለው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። በባሕር ኃይል ሳለሁ፣ ያኔ በሰባዎቹ፣ ከምጽዋ ወደ ዳህላክ ስንሄድ ጠዋት ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ባሕሩ እንደ መስታወት ይሆናል። ከጀልባው ጠርዝ አንገቴን አስግጌ ወደ ታች አያለሁ። መጀመሪያ ጥላ ነው የሚመስለው። ዓይን ሲለምድ ጥላው አትክልት ይሆናል፣ ከዚያ አትክልቱ መካከል ዓሦቹ ይወጣሉ። እነዚያ ክላውንፊሾች እዚያም አሉ፤ የቀይ ባሕሮቹ ግን ነጭ ሰንበራቸው ሁለት ነው፣ ያንቺዎቹ ሦስት ነበራቸው። አኔሞኒ በሚባለው ተናዳፊ የባሕር እንስሳ ውስጥ ተሸሽገው፣ የጀልባዋ ጥላ ሲያልፍ ብቅ ብለው ይጣላሉ። ጣት የማታክል ፍጡር መርከብ ታባርራለች! አንቺ መስታወትሽን በቪዲዮ ያሳየሽኝ የመጀመሪያው ቀን ቃል ያጣሁት ለዚህ ነበር። ከዚያ ባሕር ከተለየሁ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። መልሰሽ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ፣ ስለ ውሃ። ብዙ ሱቆች ውሃ ይዘሽ ብትሄጂ በነጻ ይመረምራሉ ብለሽኛል። መልካም ነው፤ ግን መርማሪውን መርምሪው። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ የምናደርገውን ልንገርሽ። አንዱን ውሃ ሁለት ጠርሙስ ውስጥ እንቀዳና አንዱ ላይ አንድ ስም፣ ሌላው ላይ ሌላ ስም እንጽፋለን። መርማሪው አያውቅም። ሁለቱ ውጤት ከተራራቁ ወይ ሰውየው ወይ መሣሪያው ችግር አለበት። አንቺም ከገንዳሽ ሁለት ንጹሕ ጠርሙስ ቅጂ፣ አንዱን «የኔ» አንዱን «የጓደኛዬ» ብለሽ ስጫቸው። ከመሄድሽ በፊት ቤትሽ ለክተሽ ወረቀት ላይ ያዢ። አልካሊኒቲውን፣ ማለት ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን፣ «የኔ» ያልሽውን 8፣ «የጓደኛዬ» ያልሽውን 10 ካለሽ፣ ይህ ሱቅ መድኃኒትና ማዳበሪያ በሚሸጥልሽ ቁጥር በግምት ነው የሚሸጥልሽ። ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፣ ጨዋማነቱ በሺህ 35 አካባቢ ይሁን ብለሽኛል። ከቁጥሩ ይልቅ አለመዋዠቁ ነው ቁም ነገሩ። ቀይ ባሕር ወደ ሰሜኑ ጫፍ በሺህ 40 ገደማ ይደርሳል፣ ኮራሉም እዚያ ይኖራል፤ የለመደው ነዋ። በአንድ ቀን ከ35 ወደ 40 ብታወጪው ግን ሊሞትብሽ ይችላል።

የላክሽልኝን የከተማሽን የውሃ ሪፖርትም አንብቤዋለሁ። ቧንቧችሁ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ክሎራሚን ነው፣ ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተጣመረ። ክሎሪን ብቻ ቢሆን በባልዲ አሳድረሽ በአብዛኛው ይበንልሽ ነበር፤ ክሎራሚን ግን አድሮም አይሄድም። ስለዚህ ወይ የራስሽን የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ አስገቢ፣ ወይ ከሱቅ የተጣራ ውሃ ግዢ። ከሱቅ ከገዛሽ ያቺን በውሃው ውስጥ የሟሟውን የምትለካ ትንሿን መለኪያ ይዘሽ ሂጂና ከመክፈልሽ በፊት ንከሪበት። ዜሮ ማሳየት አለበት። የማጣሪያውን ካርትሪጅ በወቅቱ የማይቀይር ባለሱቅ በዚህ ይታወቃል።

የሱቁን ውሃ ደግሞ ከዓሣው ጋር ገንዳሽ ውስጥ እንዳትደፊው። ብዙዎቹ የዓሣውን በሽታ ለመያዝ መዳብ ያለበት መድኃኒት ይጨምራሉ። መዳብ ዓሣን ቢያድንም ኮራልና ሽሪምፕ ይገድላል። «ይህ ውሃ መዳብ አለበት ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂ የሚያፍር መኖር የለበትም፤ አለበት ካለሽም ሐቀኛ ነው፣ ደስ ይበልሽ። ዓሣውን መጀመሪያ ለብቻው ለይተሽ አቆዪው፣ አራት ሳምንት ቢያንስ። አንቺ ነርስ ነሽ፣ ለይቶ ማቆያ ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርም።

አንድ ነገር ግን ነርስም ብትሆኚ እለምንሻለሁ። እነዚያ እንደ አበባ ቁልፍ የሚደረደሩት፣ ዞአንቲድና ፓሊቶአ የምትያቸው፣ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አላቸው። ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አትንኪያቸው፣ የተጣበቁበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብለሽ ፈጽሞ እንዳታፈዪው፤ በእንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ሲሸጥልሽ ይህን ያልነገረሽ ሱቅ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ፣ ደግመሽ አትርገጪው።

ከሁሉም በላይ የምፈልግልሽ «አይ፣ አልሸጥልሽም» የሚል ባለሱቅ ነው። ያንቺ ገንዳ 200 ሊትር ነው። ያቺን ታንግ የምትባል ቢጫ ዓሣ እፈልጋለሁ ብለሽ ጠይቂው፤ «ይህ ገንዳ ይጠባታል፣ መዋኛ ያንሳታል» ካለሽ ሰው አገኘሽ። ማንዳሪን የምትባለውንም ዓሣ ጠይቂ፤ «ገንዳሽ ስንት ጊዜው ነው? የምትበላቸው ጥቃቅን ነፍሳት አሉት?» ብሎ መልሶ ከጠየቀሽ ከእሱ ጋር ተወዳጂ። ገንዘብሽን እጅሽ ላይ እያየ የሚመልስሽ ሰው፣ ሌሊት ፓምፕ ሲቃጠልብሽም በር ይከፍትልሻል። በኢንተርኔት የሚላከው ይረክሳል ብለሽኛል፣ አውቃለሁ። የሌሊቱን ፓምፕ ግን በፖስታ አያደርሱልሽም። ዋጋው ጥቂት ቢበልጥም ጨውሽንና ምግብሽን ከእሱ ግዢ፣ ሱቁ እንዳይዘጋ።

እንዲህ ያለውን ሰው ብቻሽን በመንዳት አታገኚውም። ዋማስ ነው ያልሽኝ ያ የዋሽንግተን አካባቢ የባሕር አኳሪየም ማኅበር፣ ሄደሽ ተዋወቂያቸው። አባላቱ የኮራል ቁራጭ ይለዋወጣሉ፣ የት ሱቅ ማን እንደሚሠራ ያውቃሉ። አንድ ሱቅ ጥሩ ነው ሲሉሽ «ለምን?» ብለሽ ጠይቂ። «ርካሽ ነው» ካሉሽ እለፊው። «ዓሣዬ ሞቶ ነግሬው እሱም አዘነ» ካሉሽ አድራሻውን ጻፊ።

እናትሽ ሁለት ኪሎ ቡና ቆልታ አሽጋለች፣ በነሐሴ የሚመጣ ሰው አግኝተናል። ግማሹን ለራስሽ፣ ግማሹን ለዚያ ለምታገኚው ባለሱቅ ስጪው ብላለች። ገና ያላገኘሽውን ሰው እሷ ስጦታ አዘጋጅታለታለች።

ደመራው እስኪለኮስ ሱቆቹን ዙሪ። በእያንዳንዱ ስትገቢ ደውዪልኝ፤ በኛ ሌሊት ቢሆንም አነሳለሁ። ስልኩን ፊት ለፊት ያለው ገንዳ ላይ አትደግኚው። ወደ ኋላው ጥግ ውሰጂኝ፣ ቀስ ብለሽ፣ እዚያ ቁሚ። አሁን ያየሁትን እነግርሻለሁ።

አባትሽ