ለሰፈራችን በረኛ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከሁለታችን ማን ቀድሞ እንደጠፋ እንጃ፤ ብቻ ዓመታት ነጎዱ። ዛሬ ግን ካንተ ሌላ ለማንም የማይወራ ጉዳይ ገጠመኝ። ልጄ በረኛ ሆነልህ! የእግር ኳስ እንዳይመስልህ፤ የበረዶ ሆኪ ነው፤ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱት።

እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ክረምት ሲገባ መናፈሻው ላይ ውሃ ያፈሱበታል። ሲበርድ በረዶ ይሆናል፤ በቃ ሜዳ ተሠራ ማለት ነው። ጎሉ ትንሽ ነው፤ ወርዱ 1.83 ሜትር፣ ቁመቱ 1.22። አንተ ብትቆምበት አግዳሚው ደረትህ ጋ ነው የሚደርሰው። ግን የሚመጣብህ ኳስ አይደለም። ፓክ ይሉታል፤ እስከ 170 ግራም የሚመዝን ድፍን ጎማ። እንዳይነጥር ደግሞ ከጨዋታ በፊት ፍሪዘር ውስጥ ይከቱታል። አንተ ኮረት ላይ በባዶ እጅህ እንደምትወረወረው አይሞከርም።

ስለዚህ በረኛው አንድ እጁ ላይ ትልቅ መያዣ ጓንት ያጠልቃል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኤሚል ፍራንሲስ የሚባል የቺካጎ በረኛ የቤዝቦል ጓንት አድርጎ ገባ አሉ። ተቃወሙት፤ ሊጉ ግን ፈቀደለት። ከዚያ ወዲህ የበረኞች ጓንት መልኩን ለወጠ።

የልጁ አሮጌ ጓንት መዳፉ ሳስቶ እጁን ያቃጥለው ጀመር። አዲስ ገዛንለት። ዋጋውን አልነግርህም። ችግሩ፣ አዲሱ እንደ ሳንቃ ደረቅ ነው። ባለ በሌለ ኃይሉ ሲጨብጠው ጣቶቹና አውራ ጣቱ አይገናኙም። ፓኩ የጓንቱ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ጓንቱ አይዘጋም፣ ተመልሶ እግሩ ሥር ዱብ! አጥቂው እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። አለቀ፤ ገባ።

ምክሩማ ጎረፈ። አንዱ አባት ኦቭን ውስጥ ክተተው አለኝ። ሌላው የፈላ ውሃ አለ። እናቴ ደግሞ ቅቤ ቀቡት ብላ ድርቅ አለች፤ ቆዳ በቅቤ ሲለፋ አይታ ነው ያደገችው። ይኼ ግን አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ ውስጡ ፎምና ሙጫ አለ። ሙቀት ሲበዛበት ሙጫው ይለቃል። ቅቤው ደግሞ ይሸታል እንጂ ምንም አይፈይድ።

እኛ የያዝነው መንገድ አሰልቺ ነው። ጓንቱ እንዲታጠፍ የተሠራበት መስመር አለው፤ እዚያው ላይ ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት። ሌላ ቦታ ከታጠፈ ኪሱ ይበላሻል። ማታ ኳስ ከትተንበት በቀበቶዬ ጥብቅ አድርገን እናስረዋለን፤ ጠዋት ሱሪዬን ይዤ ቀበቶዬን ፍለጋ እሮጣለሁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ያው መያዝ ነው። ምድር ቤት ወርደን እወረውርለታለሁ፤ መጀመሪያ የቴኒስ ኳስ፣ ከዚያ ፓክ። መዳፉን ሲመታው ጧ ይላል፤ ያኔ ልጁ ፊቱን ያጨማድዳል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለችው መረብ ውስጥ ሲገባ ግን ድምፅ የለውም። አሁን አሁን አውራ ጣቱ በኩል መታጠፍ ጀምሯል። ትከሻዬ ነው እንጂ የተጎዳው!

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጁ ፓኩ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። አንተ ያንን ነገር እንዴት ነው የተውከው? ወይስ ድሮም አትጨፍንም ነበር? ጻፍልኝ፣ አነብለታለሁ። ጉልበትህስ ተሻለህ? ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወንድምህ